ከአቦል እስከ በረካ የሚያልቅ ጨዋታ

ለቤተሰብ ምሽት ጨዋታ ስትመርጡ መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ። ዳማም ቼዝም የሁለት ሰው ናቸው። አምስት ሰው ባለበት ሦስቱ ተመልካች ይሆናሉ፤ ተመልካች ደግሞ ዝም አይልም፣ «እሷን ብላት እንጂ!» ሲል ጠብ ይነሳል። በቡድን ተከፋፈሉ ወይም ሁለት ሰሌዳ ዘርጉ።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። የደሴ ብርድ ሁሉንም በጊዜ ቤት ይሰበስባል፣ ቡናውም ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ የማያልቅ ጨዋታ ልጆቹን ያስተኛቸዋል። ካታን የሚባለው በሳጥን የሚሸጥ የሰሌዳ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ግን ያለ ማስፋፊያው ለ3 ወይም ለ4 ሰው ብቻ ነው፣ ሁለት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። ለእሑድ ከሰዓት ይቆይ። ሉዶ ዕድሉ ይበዛል፤ ለትንንሾቹ ይበቃል።

ለጀማሪ ቤት ገበጣን የሚያህል የለም። 30 እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ 5 በ6 ነው፤ ባለ ስድስቱን ሁለት ረድፍ ቁረጡ። በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ፣ በድምሩ 48 ይሆናል። ባቄላ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፣ ምስር ለጣት አይመችም። የተበላውን በሲኒ ሰብስቡ፤ 25 የሞላለት አሸነፈ። ሳትጀምሩ ቁጠሩ፤ አንዷ ምንጣፍ ሥር ከገባች 24 ለ23 ወጥቶ ክርክር ነው። የመብላት ደንቡ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ላይ ስታርፍ አንስቶ ይቀጠላል ወይስ ተራው ያልፋል? አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሕፃን ካለ ሽምብራውን አፍንጫው ውስጥ ይከተዋልና ገበጣው እሱ ከተኛ በኋላ ይውጣ።

ዳማ የምትመርጡ 32 ሳንቲ ሜትር በ32 ካርቶን ላይ ባለ 4 ሳንቲ ሜትር 64 ካሬ አስምሩ፤ ቆርኪ በልኩ ይቀመጣል። 24 ቆርኪ ያስፈልጋል፤ የቢራ ፋብሪካ ባለበት ኮምቦልቻ ቆርኪ ቸገረኝ የሚል አይኖርም። የአንዱ 12 በጀርባው፣ የሌላው 12 በፊቱ ይሁን፤ በቀለም ብቻ ከለያችሁ መብራት ሲጠፋ በሻማ ይምታታል። ንጉሡ ሩቅ ይሄዳል ወይስ አንድ ካሬ ብቻ? መብላት ግዴታ ነው? ይህም አስቀድሞ ይወሰን። አባት ከልጅ ሲጫወት አባትየው ከኋላ ረድፉ ሁለት ቆርኪ ያንሳ፤ ልጅየው የሚነግሥበት በር ያገኛል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካሸነፈ አንዷን መልሱ።