ፊልሙ ታጥቦ ባዶ ሲወጣ፦ መጀመሪያ ዴቨሎፐሩን ጠርጥሩ

ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤታቸው የሚያጥቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያሳዩኝ አንድ ችግር ነው። ፊልሙ ታጥቧል፤ ምስሉ ግን የለም፣ ወይም ስስ ሆኗል። ወዲያው ካሜራው ይወቀሳል።

ቆይ፣ መጀመሪያ የፊልሙን ጠርዝ እዩ። እዚያ ያሉት ቁጥሮችና የፊልሙ ስም በብርሃን የሚታተሙት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ካሜራችሁ አይነካቸውም። ጠቁረው ከተነበቡ ዴቨሎፐሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ ሠርቷል፤ ጥፋቱ አነሳሱ ላይ ነው። እነሱም ከደበዘዙ ወይም ከጠፉ ግን ነገሩ የተበላሸው ፊልሙ በሚታጠብበት ዕቃ፣ ታንኩ ውስጥ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ያረጀ ኤክስቶል ነው። ኤክስቶል ግሩም ዴቨሎፐር ነው፤ ግሬይኑ (የምስሉ ነጠብጣብ) ደቃቅ፣ ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ጥሩ። የሚሠራው ግን በአስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም በቫይታሚን ሲ፣ የቅርብ ዘመድ ነው። ሲሞት ቀለሙን አይቀይርም። አንድ ልጅ የእህቱን ሰርግ አንስቶ ሁለቱን ጥቅል አንድ ላይ አጠበ። ሁለቱም እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ብለው ወጡ። ዴቨሎፐሩ ግማሽ በጎደለ ጠርሙስ ውስጥ ወራት ከርሟል። «ንጹሕ ነበር እኮ!» አለኝ። ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ግማሽ በጎደለ ጠርሙስ ከሁለት ወር በላይ አትመኑት።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከማጠባችሁ በፊት ከፊልሙ ጫፍ ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ በብርሃን ላይ፣ የበጠበጣችሁት ዴቨሎፐር ውስጥ ንከሩት። በማጠቢያው ጊዜ ውስጥ በደንብ ካልጠቆረ ድፉት። ሁልጊዜ አድርጉት። ሁልጊዜ!

ሌላው ጥፋት ቁጠባ ነው። የኤክስቶል ዱቄት ፓኬት አምስት ሊትር ስለሚያወጣ ዱቄቱን በማንኪያ ቀንሰው የሚበጠብጡ አሉ። እባካችሁ ተዉ። ንጥረ ነገሮቹ ፓኬቱ ውስጥ እኩል አልተደባለቁም። ሙሉውን በጥብጣችሁ በትንንሽ ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሙሉ። ስታቀጥኑም ለአንድ ጥቅል ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር ያልቀጠነው ይግባ። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አታስቀምጡ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን አለ።

ፊልም አልፎ አልፎ ብቻ የምታጥቡ ከሆነ ኤክስቶልን እርሱት። ሮዲናል የሚባለውን ፈሳሽ ዴቨሎፐር ግዙ። ከ1891 ጀምሮ ያለ ነው፤ ቡና መስሎም ለዓመታት ይሠራል። ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ ለክታችሁ 1 ለ50 አቅጥኑት። ጉዳቱ ግሬይን ነው፤ ኤችፒ5 በሚባለው ፊልም ላይ በግልጽ ይታያል። እኔ እወደዋለሁ። አይኤስኦ (የብርሃን ስሜቱ) 400 የሆነውን ፊልም እንደ 1600 ቆጥሮ ለሚያነሳ ግን አይሆንም፤ ለዚያ ማይክሮፌን የተባለው ዴቨሎፐር ይሻላል። በየሳምንቱ የሚያጥብ ዲ-76 የተባለውን ዴቨሎፐር ወይም ኤክስቶልን ይያዝ።

ጠርዙም ጭምር ፍጹም ባዶ ሆኖ ዴቨሎፐሩ ፈተናውን ካለፈ፣ ከዴቨሎፐሩ በኋላ መግባት የነበረበት ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ቀድሞ ገብቷል፤ መመለሻ የለውም። ፊልሙ ወተት ከመሰለ ፊክሰሩ ደክሟል፤ በአዲስ ፊክሰር ድገሙት፣ ይድናል።