ዲስትሪቢዩተር ከወጣ በኋላ ሞተሩ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ የቶዮታ ኮሮላዎች 4ኤ-ኤፍኢ ወይም 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር አላቸው። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ይሠራሉ። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ የሚደክመው እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። ካፑ (ክዳኑ) ይሰነጠቃል፣ ውስጡ የሚዞረው ሮተር ይበላል፣ ዘይት ይገባበታል። አንዱ መፍትሄ እሱን አውጥቶ ያለ ዲስትሪቢዩተር እሳት የሚሰጠውን የፎርድን ኢዲስ-4 መግጠም ነው፦ ክራንክ ፑሊው ላይ 36 ጥርስ የሚይዝ፣ አንዱ ጥርስ የጎደለ የብረት ጎማ (ጥርሳም ዲስክ)፣ እሱን የሚያነብ ሴንሰር፣ ሞጁሉ፣ ባለ አራት አፍ ኮይል። ታይሚንጉን (እሳቱ የሚሰጥበትን ቅጽበት) ደግሞ ሜጋጆልት የሚባለው ትንሽ ቦክስ ያዛል። ነዳጁ ግን በቶዮታው ኮምፒውተር ይቀጥላል።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኢንጀክሽን ባለው ሞተር ላይ ዲስትሪቢዩተር እሳት ብቻ አያከፋፍልም። ውስጡ ኤንኢ እና ጂ የሚባሉ ፒክአፖች (ሴንሰሮች) አሉ። ሞተሩ መዞሩንና ፒስተኑ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ እሳት አለ፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ደረቅ ከሆነና ቤንዚን ካልሸተተ ኢንጀክተሮቹ አልተከፈቱም። ምክንያቱ ዲስትሪቢዩተሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ነው። ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ስለማያይ ነዳጅ አይለቅም። ለማረጋገጥ ኮፈኑ ስር ባለው የዲያግኖስቲክ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1ን በሽቦ አገናኙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ የቼክ ኢንጅን መብራቱን ብልጭታ ቁጠሩ። ኮድ 12 (አንድ ብልጭታ፣ ቆም ብሎ ሁለት) ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ዲስትሪቢዩተሩን መልሳችሁ ግጠሙት። ሮተሩን አውጡ፣ ላዩን በደንብ ክደኑት፣ ለሴንሰርነት ብቻ ይሥራ። እባካችሁ ይህን ሳታዩ አዲስ የነዳጅ ፓምፕ ወይም ኢንጀክተር አትግዙ።

ይነሳና ወዲያው ይጠፋል

ይህኛው ብዙ መካኒክ ያደክማል፤ ነዳጅም እሳትም ያለ ይመስላልና። የቶዮታው ኢግናይተር (ኦሪጅናሉን ኮይል የሚያዘው ክፍል) እሳት በተሰጠ ቁጥር አይጂኤፍ በሚባል ሽቦ ለኮምፒውተሩ ማረጋገጫ ይልካል። ማረጋገጫው ካልመጣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይዘጋል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ እንዳይከማች የተደረገ ጥበቃ ነው። ኮዱ 14 ነው።

ኢግናይተሩን ከነኦሪጅናል ኮይሉ ተዉት። ኮይሉ ለብቻው በሆነበት ሞተር የኮይሉን ወፍራም ሽቦ ባዶውን እንዳትተዉት፤ ኮይሉን ያቃጥላል። ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ የታሰረ ካንዴላ አድርጉለት፣ ከቤንዚን መስመርም አርቁት። ነዳጁንም እሳቱንም በአንድ አዲስ ኮምፒውተር ከቀየራችሁት ግን ሁለቱም ችግሮች አይኖሩም። ገንዘቡ ካለ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ይሠራል፣ ግን ጉልበት የለውም፤ ዳገት ላይ ይሞቃል

ታይሚንግ ላይት (ታይሚንግ የሚያሳይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት) ፑሊው ላይ አብሩበት። ነዳጅ ስትረግጡ የፑሊው ምልክት ከ10 ዲግሪ ንቅንቅ ካላለ ኢዲሱ ከሜጋጆልት ትዕዛዝ እየደረሰው አይደለም። ትዕዛዝ ሲያጣ ራሱን 10 ዲግሪ ላይ አስሮ ይሠራል። በሁለቱ ቦክሶች መካከል ምልክት የሚያመላልሱትን ፒአይፒ እና ኤስኤደብሊው የሚባሉ ሽቦዎች በቴስተር ፈትሹ።

ምልክቱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ነገር ግን ሞተሩ ከደከመ ወይም ካንኳኳ፣ የጎማውን አቀማመጥ እዩ። አንደኛው ፒስተን ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የጎደለው ጥርስ ሴንሰሩን 90 ዲግሪ ማለፍ አለበት፤ ማለትም 9 ጥርስ። አንድ ጥርስ ከተሳሳተ ታይሚንጉ 10 ዲግሪ ተዛባ ማለት ነው። ጥርሱን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጋችሁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ቁጠሩ። ፑሊው በመሃሉ ላስቲክ ያለው ባለሁለት ክፍል ከሆነ ጎማውን ውጪኛው ቀለበት ላይ አትሰሩ። ላስቲኩ ሲያረጅ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ታይሚንጉም አብሮ ይሄዳል።

ሚኒሞ ላይ ደህና ነው፣ ፍጥነት ሲጨምር ይንተፋተፋል

መጀመሪያ የሴንሰሩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። በተገላቢጦሽ ሲታሰሩ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ዙር ሲጨምር ግን ሞጁሉ የጎደለውን ጥርስ ይስታል። ካልተስተካከለ ክፍተቱን ለኩ። በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል 1 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። ጎማው የሚወላገድ ከሆነ ክፍተቱ በአንድ በኩል ይሰፋል፣ በሌላው ይጠባል፤ ስለዚህ ዙሪያውን በሙሉ ለኩ። የሴንሰሩ ኬብል ሽፋን ያለው ይሁን፣ ሽፋኑም በሞጁሉ በኩል ብቻ ከግራውንድ ጋር ይታሰር። ካንዴላዎቹ ሬዚስተር ያላቸው መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ የእሳቱ ረብሻ ቦክሱን ያሳስተዋል።

ወደ ኢንቴክ (አየር ማስገቢያው) ይተኩሳል

የካንዴላ ሽቦ ተሳስቷል። ኮይሉ እሳት የሚሰጠው በጥንድ ነው፦ ሲሊንደር 1 ከ4 ጋር፣ 2 ከ3 ጋር። 1ን ከ4 ብታቀያይሩ ምንም አይሆንም። 1ን ከ2 ወይም ከ3 ካቀያየራችሁ ግን ይተኩሳል።

አርፒኤም ጌጁ ሞቷል

ጌጁ ምልክቱን የሚያገኘው ከድሮው ኢግናይተር ነው። ኢግናይተሩን ሳታወጡ ከተዋችሁት ይሠራል። ካወጣችሁት ከሜጋጆልት የታኮ (የአርፒኤም ምልክት) መውጫ ሽቦ ሳቡለት።