ክላስ ስትመርጡ 5ኛውን ደረጃ እያያችሁ

ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በዳይስ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ፣ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ 5ኛ እትም መሠረታዊ መጽሐፍ ውስጥ 12 ክላሶች (የገጸ ባሕርይ ሙያዎች) አሉ። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን አይቶ ይመርጣል። ሥዕሉን ተዉትና "ተራዬ ሲደርስ ምን ማድረግ እፈልጋለሁ?" ብላችሁ ጀምሩ። በየተራው ቀርቦ መምታት ለሚወድ ፋይተር (ተዋጊ) ወይም ባርባሪያን (በቁጣ የሚዋጋ) አለለት። ሮግ የሚስማማው አድብቶ፣ ቦታ መርጦ አንድ ከባድ ምት ማሳረፍ ለሚወድ ነው። ግን ይህ ከባድ ምት፣ የሮግ ስውር ጥቃት፣ ሁልጊዜ አይሠራም፦ ወይ በዳይሱ ላይ ብልጫ (ሁለቴ ጥሎ ትልቁን መውሰድ) ሊኖራችሁ፣ ወይ ከጠላቱ በ5 ጫማ ርቀት ውስጥ ጓደኛ ቆሞ ሊሆን ይገባል። ብቻውን ወደፊት የሚሮጥ ሮግ ዋና መሣሪያውን ጥሎ እንደሄደ ቁጠሩት።

ቀጥሎ የሕይወት ነጥብ። በ1ኛ ደረጃ፣ ማለትም ስትጀምሩ፣ የክላሱ ዳይስ (ለዊዛርድ ባለ 6፣ ለባርባሪያን ባለ 12 ገጽ) ትልቁ ቁጥር ላይ የጽናት ጭማሪ ይደመራል። ጽናቱ 14 (ጭማሪው +2) የሆነ ዊዛርድ (አስማትን አጥንቶ የተማረ) 6 እና 2፣ በጠቅላላው 8 ይዞ ይነሣል፤ በዚያው ጽናት ባርባሪያን 14 አለው። አንድ ተራ ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) በአንድ ምት ከ3 እስከ 8 ነጥብ ያጎድላል። ስለዚህ ዊዛርድ የመረጠ ሰው ከፊቱ ማን እንደሚቆም አስቀድሞ ይጠይቅ። ጋሻ ጃግሬ በሌለበት ቡድን ውስጥ ሦስት አስማተኛ መደርደር ደስ ይላል፣ እስከ መጀመሪያው ውጊያ።

ለስድስቱ ችሎታዎች (ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ) ነጥብ ስታከፋፍሉ 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 ይሰጧችኋል። ጭማሪው የሚሰላው ከቁጥሩ 10 ተቀንሶ፣ ለ2 ተካፍሎ፣ ወደ ታች ተጠጋግቶ ነው። በዚህ ምክንያት 15 እና 14 እኩል +2 ይሰጣሉ፤ 15ቱ ዋጋ የሚያገኘው +1 ተጨምሮበት 16 ሲሆን ነው። ትልቁን ቁጥር ለክላሱ ዋና ችሎታ ስጡ፦ ለዊዛርድ ዕውቀት፣ ለክለሪክ (ካህን) ማስተዋል፣ ለሮግ ቅልጥፍና። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ለጽናት። ጽናት አስማተኛንም ይመለከተዋል፦ ትኩረት የሚጠይቅ አስማት ላይ እያላችሁ ከተመታችሁ፣ በጽናት ዳይስ 10 ወይም የጉዳቱን ግማሽ (ከሁለቱ የሚበልጠውን) ካልደረሳችሁ አስማቱ ይበተናል። ፓላዲን (ባለ መሐላ ተዋጊ) ጉልበት፣ ግርማ ሞገስና ጽናት በአንድ ጊዜ ስለሚፈልግ ብዙ ነጥብ ይበላል፤ ያንን አውቃችሁ ግቡበት።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ክላስ 5ኛ ደረጃ ላይ ይለወጣል። ፋይተር፣ ባርባሪያን፣ ፓላዲን፣ ሬንጀር (የዱር አዳኝ) እና መንክ (መነኩሴ ተዋጊ) በአንድ ተራ ሁለቴ መምታት ይጀምራሉ፤ ዊዛርድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ስምንት የሚወረወርበትን የእሳት ኳስ ማግኘት ይችላል። እዚያ ለመድረስ 6,500 የልምድ ነጥብ ይፈለጋል፤ ለ2ኛ ደረጃ ግን 300 ብቻ ይበቃ ነበር። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው ሰው 3ኛ ደረጃ ላይ ሰልችቶት ሌላ ክላስ የሚደባልቀው።

ውጤቱን ተመልከቱ። ፋይተር 3 እና ዊዛርድ 2 የሆነ ገጸ ባሕርይ በድምሩ 5ኛ ደረጃ ነው። ሁለተኛ ምት የለውም፤ የእሳት ኳስ የለውም። 4ኛ ደረጃ ላይ የሚሰጠው የችሎታ ነጥብ ጭማሪም አልደረሰውም፤ እሱ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ ክላስ ደረጃ እንጂ በድምሩ አይደለምና። መደባለቅ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አንዱን 5 አድርሱ፣ በሁለቱም ክላሶች ዋና ችሎታ ቢያንስ 13 ይኑራችሁ። ሁለቴ መምታት ከሁለት ክላስ ቢመጣም አይደመርም።

ከአስማተኞች መካከል ለስህተት ቦታ የሚሰጠው ዊዛርድ ነው፦ በስድስት አስማት ጀምሮ በየደረጃው ሁለት ይጨምራል፤ ከተገኘ ጽሑፍ ደግሞ በአንድ የአስማት ደረጃ 2 ሰዓትና 50 የወርቅ ሳንቲም ከፍሎ ይገለብጣል። ሶርሰረር (አስማቱ ከተፈጥሮው የሆነ) በ1ኛ ደረጃ ከቀላል አስማቶቹ ሌላ ሁለት ብቻ ያውቃል፤ የማይሆነውን መለወጥ የሚችለውም ደረጃ ሲያልፍ አንድ ብቻ ነው። የዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ተዋውሎ አስማት ያገኘ) የአስማት ዕድል፣ ማለትም እስከሚያርፍ ድረስ አስማት መሥራት የሚችልበት ጊዜ ብዛት፣ ጥቂት ቢሆንም ከ1 ሰዓት እረፍት በኋላ ይመለስለታል። ቡድናችሁ ሳያርፍ ከክፍል ክፍል የሚሮጥ ከሆነ ዋርሎክ አትውሰዱ።

ትጥቅ ላይም አትሳሳቱ። ዊዛርድ ያልሠለጠነበትን የብረት ልብስ ቢለብስ ጭራሽ አስማት መሥራት አይችልም።

በመጨረሻ ገጸ ባሕርዩን ከመጻፋችሁ በፊት የጨዋታውን መሪ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚጠቀም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ክለሪክ፣ ሶርሰረርና ዋርሎክ ንዑስ ክላሳቸውን (በክላሱ ውስጥ ያለውን ዘርፍ) በ1ኛ፣ ዊዛርድና ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) በ2ኛ፣ የቀሩት በ3ኛ ደረጃ ይመርጣሉ። በ2024ቱ ሁሉም በ3ኛ ነው፤ የመነሻ ችሎታ ጭማሪውም ከዘር ሳይሆን ከገጸ ባሕርዩ የቀድሞ ሕይወት ይመጣል።