የአንጋፋ ጨዋታ አስተላላፊ ጡረታ ላይ ደጋፊዎችን እንዴት ማከራከር ይቻላል

ድምፁን ለብዙ ዓመታት የሰማነው አንድ የጨዋታ አስተላላፊ «ሊያርፍ ነው» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ኳስ ማሳያ ቤቶች የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አያልፍም። አንዱ ወገን «ስም ያሳስታል፣ ይብቃው» ይላል፤ ሌላው «እሱ ከሌለ ኳሱ ኳስ አይሆንም» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጩኸት ፍሬ ወዳለው ክርክር መለወጥ ለሚፈልግ ሰው፣ ማለትም ለማሳያ ቤት ባለቤት፣ ለደጋፊ ማኅበር ጸሐፊ ወይም ለትምህርት ቤት የክርክር ክበብ አስተባባሪ የተዘጋጀ ነው። የሚመራበት ሐሳብ አንድ ነው፦ ስለ ሰውየው ዕድሜና ስለ እኛ ፍቅር ከመነጋገር በፊት፣ ሜዳውን በዓይኑ የማያየው አድማጭ ዛሬም በዚህ ሰው አንደበት ጨዋታውን መከታተል መቻል አለመቻሉ በጆሮ ሊመረመር ይገባል።

በሰው አገር ጉዳይ መለማመድ

ክርክሩን በቀጥታ በምንወደው ሰው ላይ መጀመር አይመከርም፤ ስሙ ገና ሲነሣ ሰው ወገኑን ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ማስረጃ ቢቀርብም የሚሰማ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ማንም በማይወግንበት ጉዳይ ላይ ያካሂዱ። ለዚህ ከሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ የተሻለ አላገኘሁም። ደሴ ላይ በረዶ ከሰማይ ሲወርድ እንጂ ሰው ሲንሸራተትበት ስለማይታይ፣ ምናልባት ቶሮንቶ ዘመድ ካለው ሰው በቀር የሞንትሪያልን ወይም የቡፋሎን ቡድን ደግፎ የሚቆጣ አይኖርም። ጨዋታውን ለማስረዳትም ብዙ አይቸግርም፤ የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው ሩሯ በሣር ላይ ሳይሆን በበረዶ ላይ ስትሄድ፣ ተጫዋቹም ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ ሲከተላት ካሰበ ግማሹን ጨርሷል።

የቀረው ግማሽ ለክርክራችን ዋናው ስለሆነ ጊዜ ሰጥተው ያስረዱት። በሆኪ እያንዳንዱ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ በአንድ ጊዜ ስድስት ተጫዋቾችን ያሰልፋል፤ ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው፣ ጨዋታው ሳይቆም፣ አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት ጋር ይቀያየራሉ። የሚመታው ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ወርዱ 7.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በኃይል ሲመታ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። አስተላላፊው እንግዲህ የተቀየረውን ሰው ለይቶ፣ ስሙን አስታውሶ፣ ቅብብሉ ወደ ሌላው ሳይዞር መናገር አለበት። በዚህ ምክንያት የዓይን ወይም የትውስታ መዘግየት በሆኪ ቶሎ ይጋለጣል። ቤዝቦል ከዚህ በእጅጉ ይለያል፤ በአንዱ ውርወራና በሚቀጥለው መካከል ለወግ የሚሆን ጊዜ አለ፤ አሜሪካዊው አስተላላፊ ቪን ስከሊ በዚህ ስፖርት ዶጀርስ የተባለውን ቡድን ጨዋታዎች ለ67 የውድድር ዘመናት አስተላልፎ እ.ኤ.አ. በ2016 ጡረታ ሲወጣ 88 ዓመቱ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ርቆ መጓዙን ትቶ በአብዛኛው በሜዳው የሚደረጉትን ብቻ ይሠራ ነበር። እግር ኳስ በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። ተከራካሪዎችዎ «እገሌ እስከ ሰማንያ ሠርቷል» የሚል ንጽጽር ሲያመጡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «በየትኛው ስፖርት?» ተብለው ነው።

ቀጥሎ የሦስት አስተላላፊዎችን ከሥራ አወጣጥ ለተሰብሳቢው ያቅርቡና የትኛው እንደሚሻል እንዲከራከሩ ያድርጉ። የመጀመሪያው የካናዳዊው ቦብ ኮል ነው። ኮል የሰሜን አሜሪካውን ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ጨዋታ በሬዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ2008 የዋና አስተላላፊነቱ ወንበር ለሌላ ተሰጠ፤ በ2018 ደግሞ ከጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ጨርሶ ተዘለለ፤ ውሳኔው ያልጠበቀው ዱብ ዕዳ እንደነበረም ራሱ ተናግሯል። የመጨረሻ ጨዋታውን በ85 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ሞንትሪያል ላይ አስተላልፎ ተሰናበተ። ሁለተኛው የቡፋሎው ሪክ ጄነሬት ነው፤ ከ1971 ጀምሮ ለአንድ ክለብ ብቻ ሠርቶ፣ በኋለኞቹ ዓመታት ጨዋታዎቹን ከሌላ አስተላላፊ ጋር እየተካፈለ፣ የ2021–22 የውድድር ዘመን የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮ ወጣ፤ ክለቡም በዚያው ዓመት ስሙ ያለበትን ሰንደቅ በአዳራሹ ጣሪያ ሥር ሰቀለለት። ሦስተኛው አሜሪካዊው የሆኪ አስተላላፊ ማይክ ኤምሪክ ነው፤ በ2020 በ74 ዓመቱ፣ ገና ተፈላጊ ሳለ በራሱ ውሳኔ አቆመ። የመጨረሻዎቹን ጨዋታዎች በኮቪድ ምክንያት ከቤቱ ሆኖ ነበር ያስተላለፈው።

እኔ የጄነሬትን አወጣጥ እመርጣለሁ። በኮል ጉዳይ የሚያሳዝነው የሥራው መቀነስ አይደለም፤ ለሃምሳ ዓመት ያህል ለሌላው ሰው ወሬ ነጋሪ የነበረ ሰው የራሱን ወሬ ሳይዘጋጅበት መስማቱ ነው። እርስዎ ግን ክርክሩን ሲመሩ ምርጫዎን ይያዙት። በዚህ ዙር የሚፈለገው ተሰብሳቢው «ይቆይ» እና «ይውጣ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ውጭ ሌሎች መንገዶች መኖራቸውን፣ ማለትም ጨዋታ መቀነስ፣ ከቴሌቪዥን ወደ ሬዲዮ ወይም ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን መዛወር፣ ከወጣት ጋር ተራ መግባትና ቀን ቆርጦ መሰናበት እንዳሉ እንዲያይ ነው።

በጆሮ መመርመር

አሁን ወደ ራሳችን አስተላላፊ ይመለሱ። ከቅርብ ጊዜ ስርጭቱ አሥር ደቂቃ የሚሆን ቅጂ ይምረጡ፤ ጎል የተቆጠረበት ክፍል ግን አይሁን፤ ጎል ላይ ሁሉም ይጮሃል፣ ሁሉም ያምርበታል። የሰውን ችሎታ የሚያሳየው ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ የምትንከራተትበት ጊዜ ነው። ከተቻለ የዚያኑ ጨዋታ ምስል ያግኙ፤ ድምፁን ከምስሉ ጋር ማስማማት ትንሽ ያስቸግራል፤ ከዳኛው የመጀመሪያ ፊሽካ መነሣት ይቀላል።

ሦስት ሰዎች ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ድምፁን ብቻ ያዳምጡ፤ ሌሎች ሦስት ሰዎች ምስሉን ብቻ ይመልከቱ። በየደቂቃው እርስዎ እጅዎን ሲያጨበጭቡ ሁሉም በወረቀታቸው ላይ ኳሷ ማን ጋ እንዳለች፣ በየትኛው ሜዳ እንደሆነች፣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነና ስንተኛው ደቂቃ እንደሆነ ይጻፉ። የአድማጮቹ ወረቀት ከተመልካቾቹ ጋር በአብዛኛው ከተስማማ አስተላላፊው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ድምፁ ቢሻክርም፣ ቀልዱ ቢደጋገምም። ካልተስማማ ግን ልዩነቱ የት እንደሆነ ይለዩ። ስም አሳስቶ ወዲያው የሚያርምና አሳስቶ የሚቀጥል ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በሃያ አምስት ዓመት ወጣትም ላይ የሚታይ ነው፤ ሁለተኛው ግን አድማጩን ባልተፈጸመ ጨዋታ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከበድ ተደርጎ ይመዝገብ።

ውጤቱን በየስንት ጊዜው እንደሚናገርም ይቁጠሩ። በሬዲዮ የሚከታተል ሰው ከመሐል ይገባል፤ ደሴ ላይ ከፒያሳ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሸዋ በር እስኪደርስ ድረስ ማን እየመራ እንደሆነ ካልሰማ ስርጭቱ ለእሱ አልተላለፈም። ሬድ ባርበር የተባለው የአሜሪካ የቤዝቦል አስተላላፊ ይህን እንዳይዘነጋ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር፤ አሸዋው ባለቀ ቁጥር ውጤቱን ይናገርና ይገለብጠዋል። ይህ ከዕድሜ ጋር የማይያያዝ፣ በአንድ ቀን ሊታረም የሚችል ጉድለት ስለሆነ፣ ለጡረታ ክርክር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ይጠንቀቁ።

ይህንኑ ፈተና ከዓመታት በፊት በተቀዳ የዚሁ ሰው ስርጭት ላይ መድገም ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገርመው ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የተባለው ጉድለት ድሮም ነበረ፤ እኛ ነን በወጣትነቱ ያለፍነው። በተጨማሪ ሰውየው ከየት ሆኖ እንዳስተላለፈ ያጣሩ። ስታዲየም ተገኝቶ የሚያስተላልፍ ሰው ሜዳውን በሙሉ ያያል፤ ስቱዲዮ ተቀምጦ ከስክሪን የሚያስተላልፍ ግን ካሜራው የመረጠለትን ብቻ ነው የሚያየው፤ ተቀይሮ ሊገባ መስመር ላይ የቆመውን ተጫዋች ካላሳዩት ሊናገረው አይችልም። ምስሉ ዘግይቶ የሚደርሰው ከሆነም መዘግየቱ የመሣሪያው ነው። የውጭ ሊጎችን በአማርኛ የሚያስተላልፉ ባለሙያዎቻችን ብዙውን ጊዜ በዚህ ሁኔታ ስለሚሠሩ፣ ይህን ሳያጣሩ በዕድሜ ማሳበብ ግፍ ነው።

የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ሚዛንም ይለያያል። በቴሌቪዥን ዝም ማለት ችሎታ ነው፤ በሬዲዮ ዝምታ ጨለማ ነው። ትንፋሹ ያጠረ አንጋፋ በቴሌቪዥን ለብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ዓይኑ የደከመ ግን በሁለቱም ይቸገራል።

የክርክሩ ሥርዓት

በወሎ ባህል ታላቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ በተቃራኒው መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ «ጋሼ፣ በእርስዎ ፈቃድ ልጆቹ ይጀምሩ፤ እርስዎ ያሳርጉልናል» ብለው አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ እምቢ የሚል አባት እምብዛም አይገኝም። ሰብሳቢው የሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ቢቻል ኳስ ብዙም የማይወድ ሰው ቢሆን ይመረጣል። የተሰብሳቢው ቁጥር ከሃያ ከበለጠ ክርክሩ ወደ ስብሰባ ስለሚለወጥ ለሁለት ይክፈሉት። ከኮምቦልቻ የሚመጡ እንግዶች ካሉ መንገዳቸው ላይ ያለው የሐረጎ ተራራ በጉም ሳይሸፈን እንዲመለሱ ሰዓቱን አስቀድመው ይወስኑ፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚጀመር ክርክር ሁልጊዜ ግማሹ ሰው ሰዓቱን እያየ ያልቃል።

አንድ ጥብቅ ደንብ ይኑር፦ «አርጅቷል» የሚለው ቃል ብቻውን መከራከሪያ ሆኖ አይቀርብም። «ይብቃው» የሚል ሰው ጨዋታውንና ደቂቃውን ይጥቀስ። «ይቀጥል» የሚልም እንዲሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ስርጭት ያማረውን ክፍል ጠርቶ ያሰማ እንጂ የልጅነት ትዝታውን አይቁጠር።

ትዝታ ግን ጨርሶ አይከልከል፤ ቦታ ይሰጠው። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ከድሉ ጋር አብሮ በሕዝቡ ጆሮ ቀርቷል፤ ያን ቀን ገና ያልተወለደ ወጣት እንኳ ቅጂውን ሰምቶ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ድምፅ የአገር ሀብት ነው። ነገር ግን ይህ ለክብር የሚቀርብ ማስረጃ እንጂ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም። ሁለቱን በሁለት ወረቀት ላይ ለይቶ መጻፍ ብቻውን የክርክሩን ግማሽ ሙቀት ያበርዳል። ተተኪው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከተነሣም ወዲያው ይዝጉት፤ የሚወደድ ወጣት ስም ከተጠራ በኋላ ስለ አንጋፋው ሚዛናዊ ሆኖ የሚናገር አይገኝም።

በመጨረሻ እጅ አውጥቶ ድምፅ መስጠት አያስፈልግም። የሚወስኑት ሰውየውና ጣቢያው ናቸው፤ ደጋፊው ማድረግ የሚችለው የሰማውን በትክክል ማስታወቅ ነው። ስለዚህ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ለጣቢያው የስፖርት ክፍል ይጻፉ። በደብዳቤው ላይ የትኞቹን ስርጭቶች እንዳዳመጣችሁ፣ የአድማጮችና የተመልካቾች ወረቀት የት እንደተስማማና የት እንደተለያየ፣ ከስርጭቱ ቦታ ወይም ከመሣሪያ የመጣ የመሰላችሁ ችግር ምን እንደሆነ ይገለጽ። ሐሳባችሁ ጨዋታ ይቀነስለት የሚል ከሆነ የትኞቹ በእጁ እንዲቆዩ እንደምትፈልጉ ጥቀሱ፤ ረጅም ጉዞ የሚጠይቁትን ማስቀረትና በቅርብ የሚደረጉትን ለእሱ መተው የተለመደ መንገድ ነው። ያርፍ የሚል ከሆነም የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በአየር ላይ እንዲነገር ጠይቁ፤ ከሆጤ ስታዲየም ጀርባ ያለውም፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ የሚገባውም ሰዓቱን አመቻችቶ እንዲያዳምጥ። ደብዳቤው ለአስተላላፊው በስሙ ግልባጭ ይደረግለት፤ በጣቢያው በኩል እስኪደርሰው ድረስም በማሳያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።