በአንድ ፊደል የሚለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላትን መለያ ዘዴ

የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን አድርጎ መሸምደድ ብዙም አያዋጣም፤ አብረው ስለሚታወሱ ትርጉሙ የየትኛው እንደሆነ ይምታታል። የሚሻለው ልዩነቱን የፈጠረውን ፊደል ፈልጎ «ይህ ፊደል እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንዳንዱ ድምፅ ይለውጣል፣ አንዳንዱ ስምን ከግሥ ይለያል፣ ሌላው ለጆሮ ምንም ለውጥ አያመጣም።

አማርኛ ተናጋሪን በጣም የሚያሳስተው ድርብ ፊደል ነው። «ዋና» የሚለው ቃል ሲላላ የውኃውን፣ ሲጠብቅ ደግሞ አለቃውን ያመለክታል፤ መጥበቁ ይሰማል እንጂ አይጻፍም። እንግሊዝኛ ተቃራኒው ነው፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ፊደል ጠብቆ አይነገርም። ሥራው ከእሱ በፊት ያለውን አናባቢ ማሳጠር ነው። አንድ ኤን ሲኖረው «ዳይነር» ተመጋቢ ይሆናል፤ ሁለት ኤን ሲኖረው «ዲነር»፣ ማለትም እራት። በአንድ ቲ «ሌይተር» በኋላ ማለት ሲሆን፣ በሁለት ቲ «ላተር» ከተጠቀሱት ሁለት ነገሮች የኋለኛው ነው። ስለዚህ ድርብ ፊደል ሲያዩ ተነባቢውን ከማጥበቅ ይልቅ አናባቢውን ያሳጥሩ።

ይህ ደንብ የማያድንበት ጥንድ አለ። በረሃው አንድ ኤስ፣ ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ ሁለት ኤስ አለው፤ በሁለቱም ግን ኤሱ «ዝ» ተብሎ ይነበባል። በረሃው ሲጠራ ድምፁ የሚበረታው መጀመሪያው ላይ ነው (ዴዘርት)፣ ጣፋጩ ሲጠራ መጨረሻው ላይ (ዲዘርት)። ይባስ ብሎ አንድ ኤስ ያለው ቃል ግሥ ሆኖ «መክዳት፣ ጥሎ መሄድ» ሲል ልክ እንደ ጣፋጩ ይነበባል።

ኦ ሲደረብም ነገሩ ሌላ ነው። ባለ አንድ ኦው «ሉዝ» ማጣት ወይም መሸነፍ፣ ባለ ሁለት ኦው «ሉስ» የላላ ማለት ነው። እዚህ የሚለየው የመጨረሻው ድምፅ ነው። ስህተቱ የሚበዛው ወደ አንድ ወገን ነው፦ «ተሸነፍን» ለማለት ፈልገው ሁለት ኦ ይጽፋሉ።

መጨረሻ ላይ የምትጨመር ኢ አንዳንድ ጊዜ ስምን ወደ ግሥ ትቀይራለች። ትንፋሽ («ብሬስ») ያለ ኢ ይጻፋል፣ መተንፈስ («ብሪዝ») በኢ ያበቃል፤ ጨርቅ («ክሎስ») እና ማልበስም («ክሎውዝ») እንዲሁ ናቸው። ሲ እና ኤስም ተመሳሳይ ሥራ አላቸው፦ ምክር («አድቫይስ») በሲ፣ መምከር («አድቫይዝ») በኤስ። ልምምድን የሚገልጸው «ፕራክቲስ» ግን ስምም ሆነ ግሥ ድምፁ አንድ ነው። በብሪታንያ ስሙ በሲ፣ ግሡ በኤስ ይጻፋል፤ አሜሪካኖች ለሁለቱም ሲ ይጠቀማሉ። አንዱን አጻጻፍ መርጦ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ መጠበቅ ነው።

«አፌክት» እና «ኢፌክት» ላይ ዓረፍተ ነገሩን ይመርምሩ። የፈለጉት ቃል ኢዲ ጨምሮ ኃላፊ ጊዜ የሚሆን ግሥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በኤ ይጀምራል፤ ተጽዕኖ ማሳደር ማለት ነው። «ዘ» ወይም «አን» የሚቀድመው ስም ከሆነ በኢ ይጀምራል፤ ውጤት ማለት ነው። በኢ የሚጀምረውም አልፎ አልፎ ግሥ ሆኖ «እውን ማድረግ» ይላል፤ በተለይ «ቼንጅ» ሲከተለው።

ጆሮ ጨርሶ ለማይለያቸው ማስታወሻ ማበጀት ግድ ነው። ሁለቱ «ስቴሽነሪ» ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ የጽሕፈት መሣሪያው ልክ እንደ «ፔፐር» በመጨረሻው አር ፊት ኢ አለው፣ የቆመውና የማይንቀሳቀሰው ኤ። ማሟያ የሆነው «ኮምፕሊመንት» መሐሉ ላይ እንደ «ኮምፕሊት» ኢ ሲኖረው፣ ሙገሳው አይ አለው። ድምፃቸው ፈጽሞ አንድ ባይሆንም በፍጥነት ሲነገሩ ለሚቀራረቡትም ማስታወሻ ይረዳል፦ «ዜን» የሚባለው የጊዜ ቃል እንደ «ዌን» በኢ ይጻፋል፤ ለማወዳደር የሚያገለግለው «ዛን» በኤ።

ሲለማመዱ ከጥንዱ መጀመሪያ አንዱን ብቻ ይያዙ። በካርድ ላይ ቃሉን ጽፈው የሚለየውን ፊደል ያስምሩበት፤ ከኋላው ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ሳያዩ በትክክል መጻፍ ሲችሉ ሁለተኛውን ይጨምሩ። ከዚያ ሌላ ሰው ዓረፍተ ነገሮቹን አደባልቆ ያንብብልዎ፣ እርስዎ ይጻፉ፤ ነጠላ ቃል ከተነበበልዎ ግን ድምፃቸው አንድ የሆኑትን መለየት አይቻልም። የኮምፒዩተር ፊደል አራሚን አይመኑት፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር ሳያሰምር ያልፋቸዋል። ጽሑፍዎን ጨርሰው ከማስረከብዎ በፊት የሚያስቸግሩዎትን ቃላት በመፈለጊያው አንድ በአንድ አውጥተው ይፈትሹ።