ፋይሉን ቫይረስ አልበላውም፦ የአማርኛ ጽሑፍ ተበላሽቶ ሲከፈት

ባለፈው ወር የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው ቤት መጡ። ውስጡ ያለው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ 42 ገጽ። ጽሕፈት ቤት ወስደውት ሲከፈት ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና የቅንፍ መዓት ሆነ። "ቫይረስ በልቶታል፣ እንደገና ይጻፍ" ተባሉ። የትየባው ዋጋም በገጽ ተነገራቸው።

"ልጄ፣ እስቲ አንተ እየው" አሉኝ።

አየሁት። "ጋሼ፣ ፋይሉ ደህና ነው" አልኳቸው። አንዲት ፊደል አልጠፋችም ነበር።

ይሄ ነገር በየቢሮው ያጋጥማል። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በከንቱ እንደገና እንደተተየበ ሳስብ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ምልክቱን አይታችሁ መንስኤውን የምትለዩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ከተከፈተ

መንስኤው ፎንት ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት አንድ የጋራ ኮድ የሚሰጠው ስምምነት፣ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የ"ሀ" ኮድ አልነበረም። የኛ ባለሙያዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በላቲን ፊደላት ቦታ የኛን ፊደል ሣሉበት። ኮምፒውተሩ ላቲን የተጻፈ ይመስለዋል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን "ሰ" ነው። በዚያ ዘመን ትልቅ ብልሃት ነበር። ጋዜጣውም መጽሐፉም የታተመው በዚህ ነው፤ ሠሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ግን ከስር ያለውን ላቲን እንዳለ ያወጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሩና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው፤ ሌላው ፊደሉን ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። ግማሹ ቃል ደህና ተነብቦ ግማሹ የሚበላሸው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ወርድ ላይ ጠቋሚውን የተበላሸው ቃል ላይ አሳርፉና የፎንቱን ስም አንብቡ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ወርድ ስሙን ያስታውሳል። ከዚያ ፋይሉ መጀመሪያ የተጻፈበትን ኮምፒውተር ፈልጉና ፎንቱን ከዚያ አምጡ። የፎንቱን ፋይል በማውሱ ቀኝ ተጭናችሁ ኢንስቶል በሉት። ወርድን ዝጉና እንደገና ክፈቱ።

የእድሩን ደንብ የጻፈችው የጋሼ ልጅ ነበረች። ፎንቱ አሮጌ ላፕቶፗ ላይ ተገኘ። ከጫንኩት በኋላ ሰነዱን ስከፍተው "ምዕራፍ አንድ" ብሎ ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው የመጀመሪያውን አንቀጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

እባካችሁ፣ ሁሉንም መርጣችሁ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይራችሁ ሴቭ አታድርጉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይህንን ነው። ጽሑፉ አይስተካከልም፤ የድሮው ፎንት ስም ግን ይጠፋል። ሁለት ሦስት ፎንት የተጠቀመ ሰነድ ከሆነ የትኛው ቃል በየትኛው እንደተጻፈ መለየት ጭንቅ ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አስቀምጡ።

ፎንቱን መጫን ግን ማስታገሻ ነው። ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያው ነው። ዋናው ሕክምና ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ለየፎንቱ የተሠሩ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ የፎንታችሁን ስም በትክክል የሚያውቀውን ምረጡ። የሚሻለው ሙሉውን የወርድ ፋይል የሚቀበለው ነው። ጽሑፉን ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ ከለጠፋችሁ በመሃል ያለው እንግሊዝኛም ወደ ፊደል ተቀይሮ ትርጉም የለሽ ይሆናል። ሲጨርስ እንደ "ቋ"፣ "ሟ"፣ "ኳ" ያሉትን በዓይናችሁ ፈትሹ። ስህተት የሚበዛው እነሱ ላይ ነው።

የያዛችሁት ሰነድ ዩኒኮድ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ኮፒው ላይ አንድ መስመር ምረጡና ፎንቱን ኤሪያል በሉት። ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ከተለወጠ የድሮ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ

ይሄ ቀላሉ ነው። ፊደሉ አለ፣ መሣሪያው ላይ የአማርኛ ፎንት የለም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ለፊደላችን ፎንት አለው፤ አፕል ኮምፒውተሮችም ከፋ የሚባል ፎንት ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ አሁን አሁን ሳጥኑ የሚታየው በአሮጌ ማሽኖችና በአንዳንድ የዲዛይን ፕሮግራሞች ላይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ

እዚህ ላይ አዝናለሁ። ጽሑፉ አማርኛን በማያውቅ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የማስቀመጫ ስልት) ሴቭ ተደርጓል፤ እያንዳንዱ ፊደል በእውነት ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጧል። ፎንት አያድነውም። ኢሜይል ውስጥ ወይም ቴሌግራም ላይ የቀረ የቀድሞ ቅጂ ካለ ፈልጉ። በአሮጌ ኖትፓድ የምትጽፉ ከሆነ ሴቭ ስታደርጉ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ ነው) አድርጉት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ራሱ እንዲህ ያደርጋል።

ኤክሴል ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ከአንድ ሲስተም የወረደ የስም ዝርዝር ስትከፍቱ ራሳቸው ላይ ጭረት ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ከሞሉት አትደንግጡ፤ ምንም አልጠፋም። ኤክሴል ኢንኮዲንጉን ሳያውቅ ገምቶ ነው። ፋይሉን ሁለቴ ተጭናችሁ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ ዳታ በሚለው ማውጫ አስገቡትና የፋይሉን ምንጭ ሲጠይቃችሁ 65001 የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

የአማርኛ ኤስኤምኤስ ቶሎ ሁለትና ሦስት መልእክት ከሆነ

ስልኩ አልተበላሸም። አንድ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ መልእክት ውስጥ አንድ "ሀ" ብትገባ እንኳ ሙሉ መልእክቱ ወደ 70 ይወርዳል።

የምታውቁት ቃል ሲፈለግ ካልተገኘ

"ፀሐይ" ብላችሁ ስትፈልጉ ሰነዱ ላይ "ጸሀይ" ተብሎ ይሆናል። ለኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ቃል። በሁሉም አጻጻፍ ሞክሩ፤ ቢሮ ከሆነ ደግሞ በአንድ አጻጻፍ ተስማሙ።

አራት ነጥብም ያው ነው። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታና "፡፡" ብሎ ይጨርሳል። ለዓይን ከ"።" አይለይም። ለኮምፒውተሩ ግን አንድ አይደሉም። ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ "፡፡"ን በ"።" ተኩት። በእድሩ ደንብ ላይ ይህንን ሳደርግ ወርድ 611 ቦታ ቀይሬያለሁ አለኝ።