ለ13 ዓመት ልጅ ልብ ወለድ እንዴት ይመረጣል?

በአማርኛ ለሕፃናት የተዘጋጁ ተረቶች አሉ፤ ለአዋቂ የተጻፉ ልብ ወለዶችም ሞልተዋል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅ የሚሆነው መደርደሪያ ግን ሳሳ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጅ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ልጁ ከናቀው የቆየውን የተረት መጽሐፍ ይገዛል፣ ወይ ራሱ በወጣትነቱ ያለቀሰበትን ወፍራም ልብ ወለድ አውጥቶ «ይህን አንብብ፣ ሰው ያደርግሃል» ይላል። ሁለተኛው ይብሳል። «ሰው ያደርግሃል» ተብሎ የተሰጠ መጽሐፍ እንደ ኮሶ ነው፤ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨርሰው ይሆናል እንጂ አይደግመውም።

በመጀመሪያ ልጁን ያስወሩት

«ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም፤ የሚያገኙት መልስ «እኔ እንጃ» ነው። ይልቅ በቅርቡ ያየውን ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ እንዲተርክልዎ ያድርጉ። ሲተርክ የቱ ጋ እንደሚፈጥንና የቱን እንደሚዘል ልብ ይበሉ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲደርስ ድምፁ ከፍ ካለ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ይፈልጉለት። ሁለት ጓደኛሞች የተጣሉበትን ክፍል ደጋግማ የምታወራ ልጅ የምትሻው ሌላ ነው። ነገሥታትና ጦርነት የሚስበው ደግሞ ከታሪካዊ ልብ ወለድ ቢጀምር ይሻላል። ለምሳሌ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» አለ፤ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ም አለ። የመጀመሪያው አጠር ያለ ስለሆነ ለጀማሪ እሱን አስቀድማለሁ።

አስቀድመው ራስዎ ያንብቡት

ይህን ደረጃ መዝለል አይቻልም። ከ20 ዓመት በፊት ያነበቡትን መጽሐፍ «አውቀዋለሁ» ብለው አይስጡ፤ ያኔ ያለፏቸው ገጾች ዛሬ በወላጅ ዓይን ሲታዩ ሌላ ናቸው። እርሳስ ይዘው ያንብቡና ልጁ ሊያወራባቸው የሚፈልግ የሚመስልዎትን ገጾች ጠርዝ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ምን እንደሚፈትሹ ግልጽ ነው፦ ፍቅር፣ ጭካኔ፣ መጠጥ፣ ተስፋ መቁረጥ። ነገር ግን ነገሩ በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩ ብቻውን መጽሐፉን አያስጥልም። የ13 ዓመት ልጅ ሞትንም ክህደትንም በሰፈሩ ያውቃቸዋል። መጠየቅ ያለበት ደራሲው እንዴት አድርጎ እንዳቀረበው ነው፤ ሥቃዩን አይተን እንድናዝን ነው የጻፈው ወይስ እንድንደሰትበት? በዚህ ረገድ ሚዛናችን የተንጋደደ ይመስለኛል፤ የአንድ ገጽ መሳሳም ያስደነግጠንና የአሥር ገጽ ግርፋት ሳናየው እናልፋለን።

የቋንቋውን ክብደት በአንድ ገጽ ይለኩ

መጽሐፉን መሐል ላይ ገልጠው ልጁ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ብቻውን የሚያነበው ሳይሆን አብራችሁ የምታነቡት ነው። በተለይ የቆዩ ልብ ወለዶች የግእዝ ጥቅስ፣ የቅኔ ቤት ቃልና የድሮ ማዕረግ ይበዛባቸዋል፤ ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚቆመው።

ኅትመቱንም ይመልከቱ። ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ፊደሉ የደበዘዘና መስመሩ የተጣበበ ቅጂ ዓይን ያደክማል፤ ልጁም የደከመው ዓይኑ ሆኖ ሳለ «ታሪኩ አይጥምም» ይላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከመግዛቱ በፊት አራት ኪሎ በሚገኘው በአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ጥቂት ገጾች መሞከር ይችላል።

ትልልቆቹን መጻሕፍት ቆርሰው ይስጡ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማንበብ ያለበት መቼ ነው የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ በ13 ዓመቱ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቀው ልጅ ጥቂት ነው። ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ የተዋወቀው በጆሮው መሆኑን አንርሳ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። ልጁ ትረካውን ያዳምጥ፣ ከዚያ የወደደውን ክፍል ከመጽሐፉ ፈልጎ ያንብብ። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር የሚጋጩበት ክፍል ለጅምር ጥሩ ነው፤ ያስቃል፣ ያናድዳል።

በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቁ

«ትልቅ ደራሲ ነው፣ ባህልህን ታውቅበታለህ» የሚለውን ይተዉት። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለታሪኩን፣ በሁለተኛው ጭንቀቱን ይንገሩ። ለምሳሌ ለ«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ «ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሰጡት ልጅ አለ። ሲያድግ የትልቅ መኳንንት ልጅ ወደደ።» ከዚህ በላይ አይጨምሩ። መጨረሻውን አይናገሩ፤ እርግጥ የዚህኛው መጽሐፍ ርዕስ ግማሹን አስቀድሞ አውጥቶታል።

መጽሐፉን ከሰጡ በኋላ እጅዎን ይሰብስቡ። 50 ገጽ አንብቦ ካልያዘው እንዲተወው አስቀድመው ይፍቀዱለት፤ መተው የሚችል ልጅ ለመጀመር አይፈራም። «ምን ተማርክበት?» የሚለውን ጥያቄ ለትምህርት ቤት ይተዉለት። ከዚያ ይልቅ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርያት አንዱን አንሥተው «ጉዱ ካሣ ጎረቤታችን ቢሆን ትወደው ነበር?» ቢሉት ራት እስኪቀርብ ይከራከርዎታል።

ልጁ ውጭ አገር ካደገ

በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ አካባቢ ያደገ ልጅ አማርኛ እየሰማ ፊደል የማያነብ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ጮክ ብሎ ማንበብ ዋናው መንገድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምዕራፍ አይበልጥ። በሁለቱም ቋንቋ የሚገኝ መጽሐፍ መምረጥም ይረዳል። ልብ ወለድ ባይሆንም፣ በ13 ዓመቷ መጻፍ የጀመረችው የአና ፍራንክ ማስታወሻ በአማርኛ «የአና ማስታወሻ» ተብሎ ተተርጉሟል። ልጁ በሚያነበው ቋንቋ ይያዘው፣ እርስዎ በአማርኛው ይከተሉ፤ የትኛው ክፍል ላይ እንደደረሳችሁ መነጋገሩ ብቻ አማርኛውን ያሠራዋል።

አንዱን ሲጨርስ

ወዲያው ከበድ ያለ መጽሐፍ አይጫኑበት። የዚያኑ ደራሲ ሌላ ሥራ፣ ካልሆነም ተመሳሳይ ዓይነት ታሪክ ይስጡት። በተራው ልጁ ለእርስዎ የሚመርጥልዎትን መጽሐፍ ደግሞ፣ ቢሰለችዎትም፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ካልወደዱትም ለምን እንዳልወደዱት ሳያፌዙ ይንገሩት።